መብራት ሲጠፋ ማውዙን ማን ይይዛል? «ለትንሽ ሰርቨር ስክሪፕት ትርፍ ነው» ለሚለው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን በጅማ የአይቲ ባለሙያዎች የቴሌግራም ግሩፖች ውስጥ አንድ ጽሑፍ ከስልክ ወደ ስልክ ሲዞር ሰንብቷል። የሚያወራው በክሊኒክ፣ በሆቴል፣ በቡና ላኪ ድርጅትና በኮሌጅ ቢሮ ጓዳ ስለተቀመጡ ትንንሽ ሰርቨሮች ነው። አንድ ሰርቨር፣ በላዩ አምስት ስድስት ቨርቹዋል ማሽን (በሶፍትዌር የተፈጠረ፣ ራሱን እንደቻለ ኮምፒውተር የሚሠራ)፣ አንድ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ለጥቂት ደቂቃ የሚያቆይ ባትሪ)፣ አንድ ባለሙያ። ጸሐፊው እንዲህ ያለው ቤት በዌብ ገጹ በማውዝ ቢተዳደር ይበቃዋል፤ የትእዛዝ መስመርና ስክሪፕት (በጽሑፍ የሚሰጥ ትእዛዝና ትእዛዞቹ ተራ በተራ የተጻፉበት ፋይል) ለትልልቅ ዳታ ሴንተር የተበጀ ነው ይላሉ። ቋንቋቸው ግልጽ ነው፣ ጭንቀታቸውም እውነተኛ ነው። ሆኖም ምክራቸውን እንዳለ የሚቀበል ጀማሪ አንድ ቀን ዳታ እንደሚያጣ ስለማምን ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም።

ክርክራቸውን ሳላዛባ ላስቀምጠው። አንደኛ፣ ማሽኖቹ ጥቂት ስለሆኑ ስክሪፕት ለመጻፍ የሚጠፋው ጊዜ ከሚተርፈው ይበልጣል። ሁለተኛ፣ በትእዛዝ መስመር አንድ የተሳሳተ ቃል ሁሉንም ማሽን ሊያጠፋ ይችላል፤ ዌብ ገጹ ግን «እርግጠኛ ነዎት?» ብሎ ይጠይቃል። ሦስተኛ፣ በጅማ መብራትና ኢንተርኔት ስለሚቆራረጥ ስክሪፕት መሀል መንገድ ላይ ይቀራል፤ ስለዚህ ሰው በቦታው መኖር አለበት። አራተኛ፣ በየሳምንቱ ስናፕሾት (ማሽኑ በአንድ ቅጽበት ያለበትን ሁኔታ) መያዝ እንደ ባክአፕ ይበቃል፣ ለዚያም አንድ ቁልፍ መጫን ነው። አምስተኛ፣ የጻፈው ሰው ሥራ ሲለቅ ድርጅቱ የማይገባውን ነገር ታቅፎ ይቀራል።

የመጀመሪያውን በከፊል እቀበላለሁ። በዓመት ሁለት ጊዜ አዲስ ቨርቹዋል ማሽን የሚፈጥር ቢሮ ለዚያ ብሎ ስክሪፕት መጻፍ የለበትም። አልነሳም ያለን ማሽን ስክሪን ለማየትም ከዌብ ገጹ ኮንሶል የሚሻል የለም። ሶፍትዌሩ ራሱ የሚሠራውን በስክሪፕት መድገምም ከንቱ ድካም ነው። ፕሮክስሞክስ የተባለውን የቨርቹዋል ማሽን ሶፍትዌር ብንወስድ፣ ሆስቱ (ማሽኖቹን የተሸከመው ሰርቨር) በሥርዓት ሲዘጋ በውስጡ ያሉትን ማሽኖች ቀድሞ ራሱ ይዘጋል፤ ለእያንዳንዱ ሌላ ካልተነገረው 180 ሰከንድ ይጠብቃል። ከእኛ የሚጠበቀው ለማሽኖቹ የአነሳስ ተራ ቁጥር መስጠት ነው፤ ሲዘጋ ያንኑ ተራ ወደ ኋላ ይከተላል። ደግሞም ኢኤስኤክስአይ በተባለው የቪኤምዌር ሶፍትዌር ነፃ ፈቃድ ላይ ፓወርሲኤልአይ (የቪኤምዌር የትእዛዝ መሣሪያ) ማየት እንጂ መለወጥ አይፈቀድለትም፤ ይህን ሳያውቁ ስክሪፕት ለመጻፍ የተነሱ ብዙዎች ናቸው።

ስሌቱ ላይ ግን አልስማማም። ማሽኖቹ ስድስት ናቸው እንበል። በየጠዋቱ ስለ እያንዳንዱ አራት ነገር መታወቅ አለበት፦ የሌሊቱ ባክአፕ አልቋል? ዲስኩ ስንት ቀርቶታል? የተረሳ ስናፕሾት አለበት? በውስጡ ያለው ኤጀንት (ለሆስቱ ጥያቄ የሚመልስ ትንሽ ፕሮግራም) ይመልሳል? ስድስት በአራት 24 ነው። በየቀኑ 24 ቦታ ከፍቶ የሚያይ ሰው የለም፤ ቢጀምርም በሦስተኛው ሳምንት ይተወዋል። ሃያ መስመር የማይሞላ ስክሪፕት ግን ሃያ አራቱን ጠይቆ ችግር ያለበትን ብቻ ለይቶ ያወጣል። ስለዚህ ንጽጽሩ መሆን ያለበት ስክሪፕት በመጻፍና በማውዝ በመሥራት መካከል አይደለም። በማውዝ ብቻ በሚተዳደር ቤት ይህ ሥራ ጭራሹኑ አይሠራም።

ሁለተኛው ነጥብ ከሁሉም የከበደው ነው፤ እውነቱን ለመናገር ጸሐፊው ከጠቀሱትም በላይ ያስፈራል። አንድ ዓይነት ቃል በተለያየ መሣሪያ የተለያየ ትርጉም አለውና። በኬቪኤም (በሊኑክስ የቨርቹዋል ማሽን ሥርዓት) «ቪርሽ ዲስትሮይ» ማለት ሶኬቱን እንደመንቀል ነው፤ ማሽኑ ወዲያው ይጠፋል፣ ዲስኩ ግን አይነካም። በፕሮክስሞክስ «ኪውኤም ዲስትሮይ» ማሽኑን ከነዲስኩ ይሰርዛል። የመጀመሪያውን የለመደ እጅ ሁለተኛውን ሲጽፍ የአንድ ዓመት የሒሳብ መዝገብ ሊሄድ ይችላል። በዊንዶውስም ይኸው ነው። በማይክሮሶፍቱ ሃይፐር-ቪ «ስቶፕ-ቪኤም» ማሽኑን በሥርዓት ይዘጋል። በቪኤምዌር ፓወርሲኤልአይ ደግሞ ያው «ስቶፕ-ቪኤም» ኃይል ይቆርጣል፤ በሥርዓት የሚዘጋው «ስቶፕ-ቪኤምጌስት» ነው። ሁለቱ ሞጁሎች (የትእዛዝ ጥቅሎች) በአንድ የፓወርሼል (የዊንዶውስ የትእዛዝ መስመር) መስኮት ከተጫኑ ስማቸው ይጋጫል፣ የትኛው እንደሚሠራም እንደ አጫጫናቸው ይወሰናል። ስለዚህ ሁለቱን በአንድ መስኮት አለመጫን፣ ካልሆነም ከትእዛዙ በፊት የሞጁሉን ስም መጻፍ ግድ ነው።

ይህን ሁሉ ካመንኩ በኋላ ታዲያ ለምን ማውዙን አልመርጥም? የዌብ ገጹ «እርግጠኛ ነዎት?» የሚጠይቀው አንድ ማሽንን በተመለከተ ብቻ ስለሆነና ሰው ሃያ ጊዜ «አዎ» ካለ በኋላ ሃያ አንደኛውን ስለማያነብ ነው። ፕሮክስሞክስ ሲሰርዙ የማሽኑን ቁጥር አስጽፎ ማረጋገጡ መልካም ነው፤ በትእዛዝ መስመር ያ ጥያቄ እንደሌለም እመሰክራለሁ። መድኃኒቱ ግን እዚያው አለ። ለእያንዳንዱ አስፈላጊ ማሽን የጥበቃ ምልክቱን 1 ማድረግ ነው፤ «ኪውኤም ሴት» ብሎ የማሽኑን ቁጥርና «ፕሮቴክሽን 1» መጻፍ። ከዚያ ወዲያ ምልክቱ እስኪነሳ ድረስ ከትእዛዝ መስመርም ከዌብ ገጽም አይሰረዝም። የፓወርሼል ሰዎች ደግሞ «ዋትኢፍ» የሚባል አማራጭ አላቸው፦ ትእዛዙ መጨረሻ ላይ ሲጨመር ምንም ሳይነካ የትኞቹን ማሽኖች ምን ሊያደርግ እንደነበር ይዘረዝራል። ይህን ከዌብ ገጽ ማግኘት አይቻልም። በባሽ (በሊኑክስ የትእዛዝ መስመር) ለሚጽፍ ሰው ያው ነገር በአንድ ተለዋዋጭ (እሴት በሚይዝ ስም) ይሠራል፤ እሴቱ 1 ሲሆን ትእዛዙ ከመፈጸም ይልቅ ወደ ስክሪን ይታተማል። አዲስ ስክሪፕት የመጀመሪያውን ሳምንት በዚህ ሁኔታ ቢሮጥ እመክራለሁ።

ትልቁ አደጋ ያለው ባዶ ተለዋዋጭ ላይ ነው። የፎልደሩን ስም መያዝ የነበረበት ተለዋዋጭ ምንም ሳይሰጠው ባዶ ከቀረና ስክሪፕቱ በዚያ ፎልደር ያለውን ሁሉ ሰርዝ ካለ፣ ስረዛው ከዲስኩ ሥር ይጀምራል። ስለዚህ በባሽ ስክሪፕት አናት ላይ ሦስት ነገር መታወጅ አለበት፦ ያልተሰጠ ተለዋዋጭ ሲያጋጥም ቁም፣ ትእዛዝ ሲከሽፍ ቁም፣ በፓይፕ (የአንዱን ትእዛዝ ውጤት ለቀጣዩ በሚያቀብል ምልክት) ከተያያዙት አንዱ ሲከሽፍም ቁም። በአንዲት መስመር ይጻፋሉ። የማሽን ስም ክፍት ቦታ ሊኖረው ስለሚችልም ተለዋዋጩ ሁልጊዜ በጥቅስ ውስጥ ይግባ።

አሁን ወደ መብራቱ። እዚህ ላይ የጸሐፊው ክርክር የተገለበጠ ይመስለኛል። ግልገል ግቤ አንድ 184 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅሙን ይዞ ከከተማችን ብዙም አይርቅም፤ የግድቡ ቅርበት ግን በዝናብ ወራት መስመር ላይ ከሚወድቅ ዛፍና ከመብረቅ አያድነንም። መብራት የሚጠፋበትን ሰዓት ማንም አይመርጥም። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ጠፍቶ ዩፒኤሱ 15 ደቂቃ ቢይዝ፣ ባለሙያው ከኮቺ ሰፈር ተነስቶ የጅማው መርካቶ እስኪደርስ፣ ዘበኛውን ቀስቅሶ በር እስኪያስከፍት ባትሪው አልቋል። በዚያ ሰዓት በቦታው ሊገኝ የሚችለው አስቀድሞ የተጻፈ ትእዛዝ ብቻ ነው። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው እንዲህ ላለው ነው።

አሠራሩ ይህን ይመስላል። የዩፒኤሱ ዩኤስቢ ገመድ ሆስቱ ላይ ይሰካል፣ ኔትወርክ ዩፒኤስ ቱልስ የሚባለው ነፃ ሶፍትዌር ይጫናል። ብዙዎች የሚሳሳቱት «ባትሪ አነሰ» የሚለውን ምልክት በመጠበቅ ነው። ያረጀ ባትሪ ምልክቱን ሳይሰጥ በድንገት ሊወድቅ ስለሚችል በሰዓት ቆጣሪ መጀመር ይሻላል። ስሌቱን እንሥራው። መብራት ከጠፋ 2 ደቂቃ እንጠብቃለን፤ ጄኔሬተር ካለ በዚህ ጊዜ ይነሳል። ካልተነሳ ማሽኖቹ በሦስት ዙር ይዘጋሉ፦ መጀመሪያ የአፕሊኬሽን ሰርቨሮቹ፣ ቀጥሎ ዳታቤዙ፣ በመጨረሻ የተጠቃሚ መዝገቡንና ዲኤንኤሱን (የኮምፒውተር ስሞችን ወደ ኔትወርክ አድራሻ የሚተረጉመውን) የያዘው። ለአንድ ዙር ቢበዛ 180 ሰከንድ ብንሰጥ 9 ደቂቃ፤ ሆስቱ ራሱ 2 ደቂቃ። በድምሩ 13 ደቂቃ ነው፤ ከ15ቱ የሚተርፈው 2 ብቻ ነው። ባትሪው አርጅቶ 10 ደቂቃ ብቻ የሚይዝ ከሆነ ይህ እቅድ ይወድቃል። ስለዚህ በዓመት ሁለት ጊዜ እውነተኛውን ጭነት ተሸክሞ ስንት ደቂቃ እንደሚቆይ በሰዓት ይለካ።

ስክሪፕት «መሀል መንገድ ላይ የሚቀረው» አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ስሕተት ነው። «ቪርሽ ሻትዳውን» ማሽኑ እስኪዘጋ አይጠብቅም። ለጌስቱ (በቨርቹዋል ማሽኑ ውስጥ ለሚሠራው ሥርዓት) የኃይል ቁልፉ እንደተነካ ያህል ምልክት ልኮ ወዲያው ይመለሳል። ቀጣዩ መስመር ሆስቱን የሚዘጋ ከሆነ ዳታቤዙ ገና እየጻፈ ሳለ ኃይል ሊቆረጥበት ይችላል። ትክክለኛው መንገድ ምልክቱን ልኮ በየ5 ሰከንዱ በ«ቪርሽ ዶምስቴት» ሁኔታውን መጠየቅ፣ 180 ሰከንድ ሞልቶ ካልተዘጋ ብቻ በኃይል መቁረጥ፣ ያንንም ሎግ ላይ ማስፈር ነው። አዲስ ማሻሻያ የወረደለት ዊንዶውስ ጌስት በመዝጊያው ሰዓት እሱን ልጫን ብሎ ሊዘገይ ስለሚችል፣ የማሻሻያው ጊዜ በእጅ ይወሰን።

ብዙ ሰው የማያስበው ደግሞ መብራት ሲመለስ ያለው ነው። የሆስቱ ባዮስ (የኮምፒውተሩ መነሻ ቅንብር) ላይ «ኃይል ሲመለስ ተነስ» የሚለው ተመርጦ ሳለ ሰርቨሩ ጠዋት ጠፍቶ ይገኛል። ምክንያቱ ይህ ነው፦ ሆስቱ በሥርዓት ተዘግቷል፣ ዩፒኤሱ ግን ገና አላለቀም፣ በዚያ መሀል መብራቱ ተመለሰ። ሆስቱ ኃይል ሲቋረጥ ስላላየ የሚነሳበት ምክንያት የለውም። መፍትሔው በመዝጊያው ጫፍ ላይ ዩፒኤሱ ራሱ ለጥቂት ጊዜ ውጤቱን ቆርጦ እንዲመልስ ማዘዝ ነው፤ ኔትወርክ ዩፒኤስ ቱልስ ይህን ያውቃል፣ የዩፒኤሱ ሞዴልም መቻሉ አስቀድሞ ይፈተሽ። ይህ ሁሉ በዌብ ገጽ ላይ ቁልፍ የለውም።

ስለ ኢንተርኔቱ ባጭሩ፦ ሆስቱ ላይ ተቀምጦ የሚሮጥ ስክሪፕት ኢንተርኔት አያስፈልገውም። ኢንተርኔት የሚያስፈልገው ከቤት ሆኖ ዌብ ገጹን ለመክፈት የሚሞክረው ሰው ነው። በኤስኤስኤች (ከሩቅ ሆኖ የትእዛዝ መስመር በሚከፍተው መንገድ) የሚሄደው ጽሑፍ ብቻ ስለሆነ በደካማ የሞባይል ዳታም ይሠራል። መስመሩ ሲቋረጥ የተጀመረው ትእዛዝ አብሮ እንደሚቋረጥ ጸሐፊው የተናገሩት እውነት ነው፤ ስለዚህ ረጅም ሥራ በ«ቲማክስ» ፕሮግራም ውስጥ ይጀመር። መስመሩ ቢበጠስም ሥራው ሆስቱ ላይ ይቀጥላል፣ ተመልሶ ገብቶ ካለበት ማየት ይቻላል።

ከአራተኛው ነጥብ ግን የምቀበለው የለኝም። ስናፕሾት ባክአፕ አይደለም። በቪኤምዌርና በሃይፐር-ቪ ስናፕሾት ሲያዝ የዋናው ዲስክ ፋይል ይቆማል፣ ከዚያ ወዲያ የሚጻፈው ወደ ሌላ ፋይል ይሄዳል። ሁለቱም ያሉት በአንድ ማከማቻ ላይ ነው፤ ዲስኩ ሲሞት አብረው ይሞታሉ። የ200 ጊጋባይት ዲስክ ስናፕሾት በጊዜ ብዛት ራሱ ወደ 200 ጊጋባይት ሊያድግ ይችላል። ማከማቻው ሲሞላ የሚቆመው ስናፕሾቱ ያለበት ማሽን ብቻ አይደለም፤ በዚያ ማከማቻ ላይ መጻፍ የሚፈልጉ ሌሎችም አብረው ይቆማሉ። ቪኤምዌር ራሱ አንድን ስናፕሾት ከ72 ሰዓት በላይ አታቆዩ፣ በሰንሰለት ከ2 ወይም 3 አታሳልፉ ይላል። በየሳምንቱ አንድ እየጨመሩ መሄድ በሁለት ወር ስምንት ያደርሳል። ስናፕሾት ማሻሻያ ከመጫን በፊት ተይዞ በማግስቱ የሚጠፋ ነገር ነው።

ባክአፕ ከማሽኑ ውጭ ያለ ቅጂ ነው። ፕሮክስሞክስ ላይ «ቪዜድዳምፕ» ይህን ይሠራል፤ የሰባት ቀንና የአራት ሳምንት ቅጂ ብቻ አስቀምጥ ማለትም ይቻላል። መርሐ ግብሩን ከዌብ ገጹ ማውጣት መቻሉ ለጸሐፊው የሚቆጠር ነጥብ ነው። ግን ቅጂውን ወደ ሌላ ቦታ ማውጣቱስ? 40 ጊጋባይት በሴኮንድ 10 ሜጋቢት በሚልክ መስመር ሳይቋረጥ ቢሄድ እንኳ ወደ 9 ሰዓት ይወስዳል፤ ሌሊቱ አይበቃውም። ስለዚህ በየሌሊቱ የዳታቤዙ ቅጂ ብቻ በኢንተርኔት ይላክ፣ ሙሉው ማሽን በሳምንት አንድ ቀን በውጭ ዲስክ ወጥቶ ሌላ ሕንፃ ይቀመጥ። እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። የውጭ ዲስኩ ካልተሰካ ፎልደሩ ባዶ ሆኖ እዚያው ሆስቱ ላይ ይኖራል። ስክሪፕቱ ባክአፕ ያወጣሁ መስሎት የሆስቱን የራሱን ዲስክ ይሞላዋል። ከመጻፉ በፊት «ማውንትፖይንት» በሚለው ትእዛዝ ዲስኩ በእርግጥ መኖሩን ይጠይቅ፤ ከሌለ መልእክት ልኮ ይቁም።

ጸሐፊው ያላነሱት፣ ለእኛ አገር ግን ከሁሉም የሚቀርብ ስሕተት የሰዓት ነው። «ባክአፑ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ይሂድ» ተብሎ ክሮን (ሥራን በሰዓቱ የሚያስነሳ፣ ሰዓትን ከእኩለ ሌሊት የሚቆጥር የሊኑክስ አገልግሎት) ላይ በሰዓቱ ቦታ 8 ከተጻፈ ሥራው የሚነሳው ጠዋት 2 ሰዓት ነው። ሠራተኛው ገብቶ ሊጀምር ሲል ሰርቨሩ ይንቀራፈፋል፣ ምክንያቱም ሳይታወቅ ይከርማል። መጻፍ ያለበት 2 ነው። ሆስቱ በዩቲሲ (ከእኛ 3 ሰዓት ወደ ኋላ በሆነው የዓለም መነሻ ሰዓት) ከተተወ ደግሞ ያው 2 በእኛ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ይሆናል። የሰዓት ክልሉን አዲስ አበባ ካደረጉ በኋላ የክሮን አገልግሎቱን እንደገና ማስነሳት መረሳት የለበትም፤ እስኪነሳ ድረስ በአሮጌው ሰዓት ይቀጥላል። ሌላው በእጅ ሲሮጥ የሠራ ስክሪፕት በክሮን ሲሮጥ «ትእዛዙ አልተገኘም» ማለቱ ነው። የተጠቃሚ ክሮን ትእዛዝ የሚፈልግበት መንገድ አጭር ነው፤ «ኪውኤም» ያለችበት የሥርዓት አስተዳዳሪው ፎልደር በውስጡ የለም። የትእዛዙን ሙሉ አድራሻ መጻፍ ችግሩን ይፈታል። የባክአፕ ፋይል ስምም በፈረንጅ ቀን፣ ዓመት ወር ቀን በሚል ቅደም ተከተል ይሁን። በእኛ አቆጣጠር በወር ስም ከተሰየመ ፋይሎቹ በፊደል ተራ ተዘበራርቀው ይደረደራሉ፤ አሮጌውን የሚሰርዘው ስክሪፕትም አዲሱን ሊሰርዝ ይችላል።

የአምስተኛው ነጥብ ስጋት እውነተኛ ነው፣ ምርመራው ግን ስቷል። የማውዝ ሥራ ከሄደው ሰው ጋር ሙሉ በሙሉ ይሄዳል፤ የትኛው ምልክት ለምን እንደተነካ የትም አልተጻፈም። ስክሪፕት ቢያንስ ይነበባል። ድርጅት ታቅፎ የሚቀረው ስክሪፕቱ በሄደው ሰው የግል መለያና የይለፍ ቃል ሲሮጥ ነው። መለያው በተዘጋ ቀን የሌሊቱ ሥራ ይቆማል፣ ባክአፕ እስኪፈለግ ድረስም ማንም አያውቅም። ለሥራው ብቻ የሚሆን መለያ ይከፈትለት፣ የይለፍ ቃሉም ስክሪፕቱ ውስጥ አይጻፍ። ፓወርሼል በዊንዶውስ ላይ በ«ኤክስፖርት-ክሊኤክስኤምኤል» የሚያስቀምጠው የይለፍ ቃል የሚከፈተው ያስቀመጠው መለያ በዚያው ኮምፒውተር ላይ ሲሆን ብቻ ነው፤ ስለዚህ መለያው ሲቀየር እንደ አዲስ መቀመጥ እንዳለበት ማስታወሻ ይተው።

«ቋንቋው እንግሊዝኛ ነው» ለሚሉት፣ ማብራሪያው በአማርኛም በአፋን ኦሮሞም ቢጻፍ ስክሪፕቱ ግድ የለውም። ለአማርኛው አንድ ጥንቃቄ ብቻ አለ። የቆየው ፓወርሼል 5.1 ፋይሉ በዩቲኤፍ-8 (በፊደል ኮድ አቀማመጥ) ከነመነሻ ምልክቱ ካልተቀመጠ ፊደሎቻችንን ያበላሻቸዋል። ለባሽ ግን ተቃራኒው ነው፤ ያ ምልክት ካለ የመጀመሪያው መስመር አይታወቅለትም። በቴሌግራም የተላከ ትእዛዝም እንዳለ አይቀዳ፤ ሁለቱ አጫጭር ሰረዞች ወደ አንድ ረጅም ሰረዝ ተለውጠው ይመጣሉ፣ ባሽ ደግሞ አያውቀውም። ትእዛዝ በጽሑፍ ፋይል ይላክ።

ጽሑፉን አንብበው የሌሊቱን ስክሪፕት አቁመው ስናፕሾት መያዝ የጀመሩ ካሉ፣ ዛሬ ከሥራ ሰዓት በኋላ ይህን ያድርጉ። መጀመሪያ የሁሉንም ማሽን ስናፕሾት ይዘርዝሩ፦ በፓወርሲኤልአይ «ጌት-ስናፕሾት»፣ በሃይፐር-ቪ «ጌት-ቪኤምስናፕሾት»፣ በኬቪኤም «ቪርሽ ስናፕሾት-ሊስት»፣ በፕሮክስሞክስ «ኪውኤም ሊስትስናፕሾት»። ኬቪኤም ላይ በተራ ተጠቃሚ ከገቡ የማሽኖቹ ዝርዝር ባዶ ሊመጣ ይችላል፤ ማሽን የለም ማለት አይደለም፣ ቪርሽ የተገናኘው ከተጠቃሚው እንጂ ከሥርዓቱ ክፍል ጋር ስላልሆነ ነው። ከዚያ ማከማቻው ስንት ነፃ ቦታ እንዳለው ይዩ፤ ስናፕሾት ሲሰረዝ ፋይሎቹ ስለሚዋሃዱ ሥራው ራሱ ቦታ ሊፈልግ ይችላል። ሙሉ ባክአፕ ወደ ውጭ ዲስክ ያውጡ። ከዚያ በኋላ ስናፕሾቶቹን አንድ በአንድ፣ አንዱ ሳያልቅ ሌላውን ሳይጀምሩ ይሰርዙ። የትኛውንም የስናፕሾት ፋይል ግን ከፎልደሩ ገብተው በእጅ አይሰርዙ፤ ሰንሰለቱ ከተበጠሰ ማሽኑ አይነሳም።